ስለ ቶሚ ፍላወርስ ማን ነገረን?

እኔ ስማር የኮምፒውተር ታሪክ አጭር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስሌት ማሽን የነደፈው እንግሊዛዊ ቻርልስ ባቤጅ፣ ከዚያ ኤኒያክ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ኮምፒውተር፣ በቃ። ኤኒያክ ለሕዝብ የታየው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንግሊዝ አገር ኮሎሰስ የሚባል ኤሌክትሮኒክ ማሽን ሌት ተቀን ይሠራ እንደነበር ማንም አልነገረን። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ብዙ ሰው ኮሎሰስን ታዋቂው እንግሊዛዊ የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ የሠራው ይመስለዋል። የሠራው ቶሚ ፍላወርስ ነው። የምሥራቅ ለንደን ግንበኛ ልጅ ነው፤ ምህንድስናን በማታ የተማረ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። ያኔ እዚያ ስልክም የፖስታ ቤት ሥራ ስለነበር፣ የእሱ ሙያ የስልክ ማዞሪያ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ በሚባለው የእንግሊዝ የምስጢር ማዕከል የነበሩ ኮድ ሰባሪዎች፣ የጀርመን አዛዦች ሎሬንዝ በሚባል የኮድ ማሽን የሚላላኩትን ምስጢር ለመፍታት የሚያግዛቸው ማሽን ነበራቸው። ማሽኑ ላይ ሁለት የተበሱ የወረቀት ጥቅልሎች እኩል መሮጥ አለባቸው። ወረቀቱ ግን ይለጠጣል፣ ይበጠሳል። ፍላወርስ አንዱ ጥቅልል ይቅር፣ ሥራውን ቫልቭ ይሥራው አለ። ቫልቭ በድሮ ራዲዮ ውስጥ እንደ አምፖል ግሎ የሚበራው ነው። ከ1,500 በላይ ያስፈልጋል ሲል ብዙዎቹ አላመኑትም። ቫልቭ ቶሎ ይቃጠላል፤ ይህን ያህል ከተደረደረ ማሽኑ ሲበላሽ ነው የሚውለው ተባለ።

ፍላወርስ ግን ከስልክ ሥራው አንድ ነገር ያውቃል። ቫልቭን የሚጎዳው ማብራት ማጥፋቱ ነው። አንዴ ከበራ ካልጠፋ ዓመታት ያገለግላል። ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ጋ ነው። ያን ሁሉ የሂሳብ ሊቅ ያስጨነቀውን ነገር መልሱን ይዞ የመጣው ከሽቦ ጋር የኖረ ሰው ነው።

ከኪሱ ጭምር እያወጣ ሠራው። የካቲት 1944 ላይ ኮሎሰስ በሴኮንድ 5,000 ፊደል እያነበበ ሥራ ጀመረ። ጦርነቱ ሲያልቅ 10 ደርሰው ነበር።

ከዚያ ሁሉም ምስጢር ሆነ። አብዛኞቹ ማሽኖች ተፈታቱ። ፍላወርስ ንድፎቹን በገዛ እጁ እቶን ውስጥ እንዲያቃጥል ታዘዘና አቃጠለ። በኋላ ተመሳሳይ ማሽን ለመሥራት ከባንክ ብድር ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር ሊሠራ አይችልም ብለው ከለከሉት። ሠርቼዋለሁ እንዳይል ደግሞ አፉ ታስሯል። ነገሩ ይፋ መውጣት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው።

እውነት ነው፣ ኮሎሰስ ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ ነው። ኤኒያክ ለተለያየ ስሌት ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ ኤኒያክ ከቦታው ይነሣ አልልም። ፍላወርስ ከጎኑ ይጻፍ፤ ልጆቻችንም ስሙን ይወቁት።

በ1993፣ በ87 ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ አንድ ኮሌጅ ገብቶ የኮምፒውተር መሠረታዊ ኮርስ ተማረ። ሲጨርስም እንደማንኛውም ተማሪ ሰርተፍኬት ተሰጠው።