የመቶ ዓመቱ ድግስና ቋጣሪው ዳክዬ

የምስረታ በዓል ማለት ቲሸርትና ኮፍያ መሆኑን ከእኛ መሥሪያ ቤቶች በላይ የሚያውቅ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ የዲዝኒን ድግስ አላያችሁም ማለት ነው። ወንድማማቾቹ ዋልትና ሮይ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1923 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የከፈቱት የካርቱን ስቱዲዮ በ2023 መቶ ዓመት ሞላው። እኛ ሃያ አምስቱን የብር፣ ሃምሳውን የወርቅ ብለን እንረካለን፤ እነሱ መቶውን ፕላቲነም አሉት። ለካርቱን አይጦቹ ለሚኪና ለሚኒ የፕላቲነም ልብስ ተሰፋላቸው፤ ኩባያው፣ ፒጃማው፣ አሻንጉሊቱ ሁሉ «100» ታተመበት።

በዚያው ዓመት ኩባንያው ሰባት ሺህ ሠራተኛ ሊቀንስ መሆኑንም አስታወቀ። ዜናውን ስሰማ የድግሱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ገባኝ፤ አጎት ስክሩጅ እንጂ ሌላ ማን ሊሆን!

የድሮ የካርቱን መጽሔት ያገላበጠ ሁሉ ስክሩጅ ማክዳክን ያውቀዋል። የገንዘብ ጎተራ አሠርቶ ሳንቲም ውስጥ የሚዋኝ፣ በሕይወቱ መጀመሪያ ያገኛትን አስር ሳንቲም በመስታወት ከድኖ የሚጠብቅ፣ የእህቱን ልጅ ዶናልድ ዳክን በሰዓት ሰላሳ ሳንቲም የሚያሠራ ቋጣሪ ዳክዬ ነው። ዶናልድም ሱሪ ሳይታጠቅ የሦስት ልጆች አጎት ሆኖ ያሳድጋል። በዳክዬዎቹ ከተማ እናትና አባት ብርቅ ናቸው፤ ሁሉም የሚያድገው አጎት ቤት ነው። (ዘመድ ቤት ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ሳቁ ለየት ይላል።)

ስክሩጅን በ1947 የፈጠረው ካርል ባርክስ ይባላል። በገጽ ሂሳብ እየተከፈለው እስከ 1966 ሣለ፣ ጻፈ። መጽሔቱ ላይ ግን የሚነበበው የዋልት ዲዝኒ ስም ብቻ ነበር። ልጆች ግን አይሸወዱም። የአንደኛው ሠዓሊ ዳክዬ ሲናደድ ንዴቱ ከምንቃሩ እስከ ጭራው ይታያል፤ የሌላው ሠዓሊ ዳክዬ ግን ፎቶ ሊነሳ የቆመ ይመስላል። ስሙን ስለማያውቁት «ጥሩው የዳክዬ ሠዓሊ» አሉት፤ ማንነቱንም አፈላልገው ያገኙት አንባቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ፣ በ1970ዎቹ የገዛ ዳክዬዎቹን በዘይት ቀለም ልሣል ሲል እንኳ የኩባንያውን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ስክሩጅ ቢሆን ኖሮ የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽም ይሸጥለት ነበር።

አሁን ደግሞ የናፍቆት ገበያ ደርቷል። ያን ጊዜ በአስር ሳንቲም የተገዛውን፣ እናት ቤት ስታጸዳ ያወጣችውን መጽሔት ልጅየው ሸብቶ በብዙ ዶላር ይገዛዋል። ገዝቶ ግን አያነብም! ለገምጋሚ ይልከዋል። ገምጋሚው የታጠፈ ጥጉን፣ የዛገ ሽቦውን መርምሮ ከአስር ነጥብ ይሰጠውና በደረቅ ፕላስቲክ ያሽገዋል። ማሸጊያው ከተከፈተ ነጥቡ ቀረ፤ ስለዚህ ባለቤቱ በልጅነቱ አልጋ ውስጥ ተደብቆ የሳቀበትን ታሪክ ዛሬ ሽፋኑን እያየ ይተክዛል። ስክሩጅስ ቢሆን ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? እሱ ቢያንስ ሳንቲሞቹ ውስጥ ይዋኛል።

ከድግሱ ማግስት የሚኪ ተራ ደረሰ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በ1998 ሃያ ዓመት ተጨምሮበት ስለነበር፣ አይጡ እስከ ዘጠና አምስት ዓመቱ በኩባንያው እጅ ቆየ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ግን በ1928 ፊልሙ የታየው ሚኪ የሕዝብ ሆነ፤ ማንም ኩባንያውን ሳያስፈቅድ ሊጠቀምበት ቻለ። የወጣው እንግዲህ የመጀመሪያው ሚኪ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ነጭ ጓንት ማድረግ ገና አልጀመረም። እናም ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለው አይጥ ባዶ እጁን ወጣ። ጓንቱ የተለቀቀለት በዓመቱ ነው።