ካርታው ይቅደም ወይስ በሩ ይከፈት?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «በጅማ ከተማ ላሉ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የውስጥ ካርታ በአስቸኳይ ይዘጋጅ።» ሐሳቡን የሚደግፈው በአምቡላንስ ላይ ለዓመታት የሠራ ነርስ ነው። የሚቃወሙት ደግሞ ብዙ ዘመን ያስተማሩና አሁን ትምህርት ቤት የሚመሩ መምህርት ናቸው።

ነርሱ

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተደወለልን። አንዲት ልጅ አስም ተነሥቶባታል። የደወለው መምህር «አዲሱ ብሎክ፣ ሁለተኛ ፎቅ» አለን። ዘበኛው ቶሎ ከፈተልን። ኦክስጅኑን ተሸክሜ ገና ቀለሙ ወደሚያበራው ሕንፃ ሮጥኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያገኘሁት ባዶ ክፍል ነው። ለካ እነሱ «አዲሱ ብሎክ» የሚሉት ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራውን ነው። ያኔ የወጣለት ስም እንደሆነ ቀርቷል። ልጅቷ በግቢው ሌላኛው ጫፍ ነበረች። ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች፤ የከንፈሯ መልክ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጅማ ውስጥ አድራሻ የምንናገረው በምልክት ነው። «ከመስጊዱ ጀርባ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» እንላለን። 907 ተደውሎ ስንወጣ፣ መንገዱ ቢጠፋን ባጃጅ ነጂ ያሳየናል። አጥሩን ከገባን በኋላ ግን ማን ያሳየናል?

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ጥቃት ሲደርስ፣ አንድ መምህር ቆስሎ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ተማሪዎቹ «1 ሰው ደሙ እየፈሰሰ ሊሞት ነው» ብለው ጽፈው መስኮት ላይ አደረጉ። የሚረዳው ሰው እስኪደርስ ሰዓታት አለፉ፤ መምህሩ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው እዚያ አገር የትምህርት ቤት ካርታ ነገር የጠነከረው። ኒው ጀርሲ የተባለችው ግዛት በ2015 ዓ.ም. ካርታውን በሕግ አስገደደች። ካርታው ሰሜንን ያሳያል። ከላይ በተነሣ ፎቶ ላይ በካሬ የተከፋፈለ ነው። ክፍሎቹ የሚጻፉት በግቢው ሰው በሚጠሩበት ስም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው በእግሩ ዞሮ ማረጋገጥ አለበት። እኔ ከዚህ የተለየ አልጠየቅኩም።

መምህርቷ

ልጄ፣ ያቺ ልጅ በመትረፏ ደስ ብሎኛል። ጭንቀትህም ይገባኛል። የቸገረን ግን ካርታ አይደለም።

የምመራውን ትምህርት ቤት ልንገርህ። የጀርባ በር አለን። የተሠራው ለአደጋ ጊዜ ነው። ልጆች እየሾለኩ ሲያስቸግሩ መጀመሪያ በሰንሰለት ታሰረ። ቀጥሎ ቁልፉ ጠፋ። በመጨረሻ ብየዳ ሠራተኛ ተጠርቶ በሩን በየደው። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፤ አልከለከልኩም። አሁን እዚያ ላይ «መውጫ» የሚል ካርታ ብትሰጠኝ፣ ልጆቼን ወደ ተበየደ ብረት ነው የምትልክብኝ።

ደግሞ ካርታ ያረጃል። ክረምት ላይ ወላጅ አዋጥቶ ሁለት ክፍል ይጨምራል። ላብራቶሪው መጋዘን ይሆናል፤ መጋዘኑ መማሪያ ክፍል ይሆናል። መስከረም ሲጠባ ካርታው ሌላ፣ ግቢው ሌላ ነው። የተሳሳተ ካርታ ካርታ ከማጣት ይብሳል፤ ሰው አምኖት ይገባልና።

ኒው ጀርሲን ጠቅሰሃል። ለካርታው 6.5 ሚሊዮን ዶላር ነው የመደቡት። ያንቀሳቀሳቸውም ጠመንጃ ነው። እኛን የሚያሰጋን የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። የአዌቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው፣ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ነው። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ እሳት አደጋዎቹ ቦታው ጠፍቷቸው አልነበረም። ያስቸገራቸው የመንገዱ ጥበት ነው። ካርታ መንገድ አያሰፋም።

ያለውን ገንዘብ በልምምድ ላይ አውሉት። ዘበኛውን አሠልጥኑት። ቆጣሪው የት እንዳለ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት በጨለማም ያውቃል። የሕንፃው ንድፍ ቢያስፈልግ ደግሞ በሕንፃ አዋጁ መሠረት ፈቃድ ሲወጣ ፕላን ይቀርባል። እሱን ጠይቁ።

ነርሱ

ቲቸር፣ የበሩ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሩ መበየዱን ከግቢው ውጭ ማን ያውቃል? እኛ አናውቅም። እሳት አደጋዎቹም አያውቁም። ካርታ የሚሠራ ሰው ግን ግቢውን ሲዞር ያንን በር ይገፋዋል። እምቢ ሲለው «ተበይዷል» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱም ርእሰ መምህርት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለእኔ የካርታ ትልቁ ጥቅም ይኸው መዞሩ ነው።

የፈቃድ ፕላኑን አይቼ አውቃለሁ። የብረት ውፍረትና የመሠረት ጥልቀት ይነግርዎታል። ጭስ ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚፈልገው ደረጃው በየት በኩል እንደሆነ፣ ቆጣሪው፣ ውኃው፣ የኬሚካል መጋዘኑ የት እንዳለ ነው። ቃሬዛ የማይዞርበት ደረጃ ካለም እሱን።

ገንዘቡም ያን ያህል አይደለም። ሁለት መምህራን፣ አንድ መለኪያ ሜትርና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። በሮቹ ላይ ከሩቅ የሚታይ ቁጥር ይቀባ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ የሚመጣው ሰው የትኛውን እንደሚያነብ አይታወቅም። የጅማን ዝናብ ያውቁታል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በላስቲክ ይለበጥ። አንዱ ቅጂ ዘበኛው ቤት ይሰቀል፣ ሌላው እኛ ጋ ይቀመጥ።

ዘበኛውን አከብረዋለሁ። እሱም ግን ይታመማል። ሌሊት ተረኛው ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተዛወረ ወዲህ ደግሞ ነገሩን በደንብ እያየነው ነው። ከየወረዳው የሚመጡት ልጆች የጅማ ዩኒቨርሲቲን ግቢ አይተውት አያውቁም። ፈታኙም ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ልጅ ራሷን ስታ ብትወድቅ «የት ነው ያላችሁ?» ተብሎ የሚጠየቀው ሰው ራሱ እንግዳ ነው።

መምህርቷ

የፈተናው ነገር እውነት ነው፤ አላሰብኩትም ነበር። የመዞሩንም ነገር ተቀብያለሁ።

«ለከተማው ሁሉ በአስቸኳይ» የሚለውን ግን አሁንም አልፈርምበትም። ዘመቻ ሆኖ ይመጣል። በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ግቢ ካርታ አለው ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል፤ በሩ እንደተበየደ ይቀራል። ወረቀቱንም አንዱ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል። ሴቶች ልጆቼ የት እንደሚለብሱ፣ በየት በኩል እንደሚወጡ መንገደኛው ሁሉ እንዲያውቅ አልፈልግም። በየመስከረሙ እንደገና የሚዞረው ማን እንደሆነ በስም ሳይጻፍ አትጀምሩ። ዘበኛውም አብሮ ይዙር፤ የየክፍሉን ስም የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በእኔ ግቢ መጀመሪያ ብየዳው ይቆረጣል። ከዚያ ና።

ነርሱ

ብረት መቁረጫ ግራይንደር ያለው ልጅ ሂርመታ ሰፈር አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሜትሩ ጋር ይዤው እመጣለሁ።