ያልተመዘገቡትን ማን ይቁጠራቸው?

መስከረም ሲጠባ በሰሜን ሸዋ የገጠር ትምህርት ቤቶች የዜሮ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ትምህርት፣ ምዝገባ ይካሄዳል። መምህሯ ስም ትጽፋለች፣ ጾታ ትሞላለች፣ ዕድሜ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እናት «ፍልሰታ ሲያዝ ነው የወለድኩት፣ ዓመቱን ግን እንጃ» ትላለች። የልደት ምስክር ወረቀት የለም። ስለዚህ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይጠየቃል። ከነካ ደርሷል ይባላል። ያልነካውም ቢሆን ታላቁን ተከትሎ መጥቷልና ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ አንዲት መምህርት በአንድ ክፍል የአራት ዓመቱንም የሰባት ዓመቱንም ይዛ ትውላለች። አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት መድቧል፤ ዕድሜው የማይታወቅ ልጅ ግን የትኛው ዓመት ላይ እንደሚቀመጥ በግምት ይወሰናል።

በዚህ መልክ የተሞላው ቅጽ ወደ ወረዳ ሄዶ የተሳትፎ መቶኛ ይሰላበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሌቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የመጡትን ቆጥሯል፤ መምጣት የነበረባቸው ስንት ናቸው? ይህ የሚገመተው ከሕዝብና ቤት ቆጠራ ተነስቶ ነው፤ ቆጠራው ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ተጠልለውባታል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጥላ ሕዝቧ ተበትኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት ዘጋ! ከድሮው ቆጠራ የተነሳ ትንበያ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም።

ያልተመዘገቡት ልጆች ስም ግን እዚያው ቀበሌ ውስጥ አለ። ጤና ኬላው መዝገብ ላይ በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ሕፃን ከእናቱ ስምና ከጎጡ ጋር ሰፍሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየቤቱ ስለምትገባ፣ መንዝ ላይ በግ ጥበቃ የተሰማራውንም፣ አካል ጉዳተኛ ናት ተብላ ቤት የተቀመጠችውንም ታውቃለች። ነሐሴ ላይ መምህሯና ባለሙያዋ መዝገባቸውን ጎን ለጎን ቢያነቡት የቀረው ልጅ በስሙ ይታወቃል። ተፈናቅሎ የመጣው ልጅ በዚያ መዝገብ ላይኖር ስለሚችል መጠለያውና የኪራይ ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ የግድ ነው።

የዞኑ የትምህርትና የጤና መምሪያዎች ከመጪው ምዝገባ በፊት አንድ የጋራ ደብዳቤ ለወረዳዎች ይጻፉ። ባለሙያዋ ለክትባት ቤት ለቤት ስትወጣ መምህሯም የምዝገባ ደብተሯን ይዛ አብራት ትውጣ፤ የውሎ አበሏም አይረሳ።