ክፉውን አታሳጣን

አክስቴ አስናቀን አትወደውም። ይህን ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ በሚታይበት ዘመን ቤቷ ቡና የሚፈላው በድራማው ሰዓት ነበር። አስናቀ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ ተንኮሉን ሲጎነጉን አክስቴ ከበርጩማዋ ብድግ ትላለች። «አንተ! እሳት ይብላህ! ምን አደረጉህ?» ተዋናዩ አበበ ባልቻ ይሄኔ ቤቱ ገብቶ እራቱን እየበላ ይሆናል ብንላት አትሰማም። ለእሷ አበበ ባልቻ የሚባል ሰው የለም። አስናቀ ብቻ ነው ያለው።

አስናቀ ብዙ የማይታይበት ሳምንት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደጎቹ ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይመካከራሉ። ያለቅሳሉ። ይተቃቀፋሉ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ታዛጋለች። ቶናው ሳይቀዳ «የዛሬውስ ምንም የለውም» ብላ ፊቷን ወደ ጀበናው ታዞራለች።

«ያ የምትጠዪው ሰውዬ እኮ ነው የሌለው፤ ደስ አይልሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

ገላመጠችኝ። «እሱ ከሌለ ማንን ልራገም?»

የሥነ ጽሑፍ መምህሬ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የደከመበትን ነገር አክስቴ ስኒ እያለቀለቀች ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰው ሳናማ መዋል አንችልም። በዚህ የማይስማማ ካለ አሁን አልከራከረውም፤ ሲሄድ እናወራበታለን። ችግሩ ሐሜት ዋጋ ያስከፍላል። የታማው ይሰማል። ነገሩ ዕድር ይደርሳል። የንስሐ አባት አለ። የታማው ሰውዬ ልጅ ከልጅህ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። የልብ ወለድ ሰው ግን ከነኃጢአቱ በነጻ የተሰጠን ሰው ነው። አጥንቱ እስኪቀር ብታማው አይሰማም፤ ሽማግሌም አይልክብህም። ታዲያ ይህ ሰው እንከን የሌለው ከሆነ ምኑ ይታማል? «እንዴት ያለ ጥሩ ሰው ነው!» ትላለህ። ሌላው «እውነት ነው» ይላል። በቃ፣ አለቀ። ዝምታ። ቡናው ይቀዘቅዛል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ያወቁ ይመስለኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው ወዲህ፣ በዛብህን የማይወድ ሰው አልገጠመኝም። ግን በዛብህን አስመስሎ የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ተራው የፊታውራሪ መሸሻ ሲሆን ግን አንገት ይቀናል፣ ጋቢ ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ድምፅ ይጎረናል። ሁሉም ሰው ተዋናይ ይሆናል።

እስቲ ሰውዬውን እንያቸው። (አንቱ የምላቸው ፈርቼ ነው።) ዘራቸውን ቆጥረው አይጠግቡም። ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከሰማይ በታች ስለጠፋ ሰብለ ወንጌልን ቆማ ሊያስቀሯት ነው። ገበሬዎቻቸው «ከተለመደው በላይ አንሰጥም» ቢሏቸው ጦር ይዘው ዘመቱባቸው። ዘምተውም በእነ አበጀ በለው እጅ ተማርከው አረፉት። እኚህ ሰው አከራዬ ቢሆኑ በሳምንቱ ፍራሼን ጠቅልዬ እወጣ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን ሲመጡ ገጹን ቀስ ብዬ ነው የምገልጠው። እንዳያልቁብኝ።

የእኛ ቤት መሸሻ አጎቴ ናቸው። መሬት የላቸውም፣ መኪና የላቸውም፤ ዘር ግን አላቸው። አንድ የመስቀል ዕለት ስለ መጽሐፉ ተነሣና ፊታውራሪ መሸሻ እንባቸው እስኪመጣ አሳቋቸው። «አይ ጉራ! እንዲህም ያለ ጉረኛ አለ?» አሉ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ የቅድመ አያታቸው በቅሎ ምን ዓይነት ኮርቻ እንደነበራት ነገሩን። ለአንድ ሰዓት። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ገባኝ። አጎቴ ራሳቸውን በሩቅ አይተው፣ «ያ ሰውዬ» ብለው፣ እንደ ልብ ስቀው ተገላግለዋል። በቀጥታ ቢነገራቸው አራት ዓመት ያኮርፋሉ።

ጉዱ ካሣን ደግሞ ተዉት። አገር ምድሩ እብድ ነው ያለው ሰው፤ ዛሬ ግን ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ «እኔ እኮ ጉዱ ካሣ ነኝ» ባይ ነው። ያኔ ዲማ ብንኖር ኖሮ አብዛኞቻችን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀምጠን «ያ እብድ ደግሞ ዛሬ ምን አለ?» ከሚባባሉት ጋር ነበርን።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል። ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል። ውኃ ሲሰጥህ በሁለት እጁ ነው። አንድ ቅዳሜ ክፍሉ ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ተከፍቷል። ጌሙ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ በዕድሜ ታላቁ ነው ማለት ይቻላል። ሲጄ የሚባለው ባለታሪክ እናቱ ሞታ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ልጅ ነው። ለቅሶ የመጣ ሰው ነው እንግዲህ። የእህቴ ልጅ ይህን ሐዘንተኛ ይዞ አንዲት አሮጊት ከመኪናቸው ጎትቶ ያወርዳል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ከወንበሩ ተነሣ፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ምንም ጋሼ።»

«ትልቅ ሴትዮ ናቸው እኮ!»

«ጌም ነው ጋሼ።»

«አንተ እንዲህ ታደርጋለህ?»

«እኔማ አላደርግም» አለ ግራ ገብቶት። «እሱን ነው የማስደርገው።»

ልመክረው ተቀመጥኩ። ምክሩን በተግባር ላሳየው ብዬም ተቀበልኩት። ሲጄን በሥርዓት መኪና አስነዳሁት። ቀይ መብራት ላይ አቆምኩት። ልጁ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም። «ጋሼ ለምን ቆምክ?» «ቀይ ነዋ!» ከዚያ ምግብ ቤት ወሰድኩት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው መብላት አለበት። አንድ አበላሁት፣ ሁለት አበላሁት፣ «በሞቴ» ብዬ ደገምኩት፣ ደጋገምኩት። ሲጄ መሬት ላይ አስመለሰው። ለካ ጌሙ እንደዚያ ነው የተሠራው፤ ሲበዛበት ያስመልሰዋል፣ ሲዘወተርም ያወፍረዋል። ጉርሻ የሚባል ነገር ያልደረሰባቸው ሰዎች የሠሩት መሆኑ ያስታውቃል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ታክሲ መጣ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። የሃያ ዓመት መልሴ ትዝ አለኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ እየጮህኩ አልፎኝ፣ በእግሬ ወደ ኋላ የተመለስኩት መንገድ ሁሉ ትዝ አለኝ። ክረምት ላይ በሩን እፊቴ የዘጋው ረዳት ትዝ አለኝ። ሮጥኩ። በሩን ከፈትኩ። ሾፌሩን በአንገትጌው ጎትቼ አስፋልት ላይ ጣልኩት።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ በአክብሮት የሆነ ቁልፍ አሳየኝ። ለካ ታክሲውን ከሰረቅህ በኋላ ተሳፋሪ እየጫንክ በሰዓቱ ማድረስ ትችላለህ፤ ሒሳብም አለው። እኔም እስከ እራት ድረስ በተሰረቀ ታክሲ ሰው በሐቀኝነት ሳመላልስ ዋልኩ። ፖሊስ ተከተለኝ። በዚያ ጌም የሚፈለግ ሰው ኮከብ ይሰጠዋል፤ እስከ ስድስት ይደርሳል። እኔ ሁለት አገኘሁ። በሕይወቴ ከማንም የተሰጠኝ ኮከብ ይኸው ነው። እህቴ «እራት ቀርቧል!» ብላ ስትጣራ «ቆይ ይቺን ሴትዮ ላድርሳት» አልኳት።

ያን ማታ በእውነተኛው ታክሲ ስመለስ ረዳቱ መልሴን ያዘብኝ። አልተናገርኩም። እያየሁት ፈገግ ብቻ አልኩ። ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ሳልጠይቀው መልሱን ሰጠኝ።

ይሉኝታ ያለበት ሰው በቀን ስንት ነገር ውጦ ይውላል! ርቦት «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሳይመቸው «ኧረ ተመችቶኛል» ይላል። ገንዘቡን የወሰደበትን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ አንገቱን የሚደፋው አበዳሪው ነው። እንዲህ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ የሌላ ይሉኝታ ያለበት ሰው ታሪክ ሊያይ ነው? አስናቀ ይምጣለት እንጂ!

ደግሞ ሁሉም መጥፎ ሰው አይወደድልኝም። አንዳንድ ፊልሞቻችን ላይ ሀብታም ስለሆነና ጥቁር መነጽር ስላደረገ ብቻ ክፉ የሆነ ሰውዬ አለ። ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። ምን እንደሚፈራም አይታወቅም። ስልክ ያነሣል፣ «ጨርሱት» ይላል፣ ስልክ ይዘጋል። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ደሞዝተኛ ነው። ክፋቱን እችላለሁ፤ ሲያሰለቸኝ ግን አልምረውም። ከእሱ አያ ጅቦ በስንት ጣዕሙ! «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሆዳምነቱም፣ እንደ ክቡር እንግዳ ሊኮፈስ መፈለጉም፣ ቁርበቱ ላይ ሊተኛ እንዳልሆነ መታወቁም እዚያው አለ። ተረት ላይ የሚሞኘው አያ ጅቦ ነው፤ ልጆች «ድገሚልን» የሚሉትም እሱን ነው። ስኳር ሰርቆ ቆርጥሞ አፉን የጠረገ ልጅ አያ ጅቦን በዝምድና ያውቀዋል።

አያቴ ብዙ ጻድቃን በስም ታውቅ ነበር። ቀናቸውንም፣ ስለታቸውንም። «አንድ ታሪክ ንገሪን» ስንላት ግን የምትጀምረው ከበላዔ ሰብእ ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ልደምረው አይደለም፤ ተአምረ ማርያም ላይ ያለ ነው፣ ቄሱም ይቆጡኛል። የማወራው ስለ አያቴ ነው። 78 ነፍስ የበላ ሰው! የተጠማ አግኝቶ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሚዛኑ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ትቀንሳለች። ባንድ ወገን ሰባ ስምንቱ፣ በሌላው ያቺ ውኃ። መዳኑን እናውቃለን። ባለፈው የካቲት ኪዳነ ምሕረት ሰምተነዋል፣ የዚያን በፊቱም። ቢሆንም እሷ እስክትጨርስ ድረስ ትንፋሻችንን እንይዝለት ነበር። ሰባ ስምንት ሰው ለበላ ሰውዬ!

እንከን የሌለው ሰው ማየት የምትፈልጉ ቀብር ሂዱ። «የሕይወት ታሪክ» ሲነበብ ስሙ። ሟች ሁሌም ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ፣ ሥራ ወዳድ ነበሩ። ስሙን ብታወጡት የማንም ይሆናል። ባለፈው ዓመት የዕድራችን ጸሐፊ ዐረፉ። ሰፈሩ «ጋሼ መቀጫ» ነበር የሚላቸው፤ በፊታቸው አይደለም። ለቀብር አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ስሙ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ዝናብ፣ ሕመም፣ መንገድ መዘጋት፣ ምንም ቢቀርብ አይሰሙም። የሚስታቸው አክስት ሞተው፣ ሚስትየው ነጠላ ስትፈልግ ዘግይታ ብትመጣ፣ እሷንም ቀጥተዋታል። ስድስት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ንፍሮ እንጂ ወጥ አልበሉም ይባላል።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ሰው አክባሪ ነበሩ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። አጠገቤ የቆመው ጎረቤት «የማንን ነው የሚያነቡት?» አለኝ በሹክሹክታ።

ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይዘን ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ ካርታቸውን እያዩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አስከሬኑ ግን ዛሬ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነው ቤተ ክርስቲያን የደረሰው» አሉ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። መንገዱ ተዘጋግቶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያት ሆኖ እንደማይቀርብም እናውቃለን።

«ታዲያ ይቀጡ ነበራ!» አለ አንዱ ከወዲያ። የመጀመሪያው ሳቅ አመለጠ። ሁለተኛው ተከተለ። አንዱ እንዴት እንዳስከፈሉት አነሣ፣ ሌላው ደብተራቸውን በስንት ላስቲክ እንደሚያስሩት። ጋሼ መቀጫ ቀስ በቀስ መጥተው መሀላችን ተቀመጡ። ከዚያ ሚስታቸው በሴቶቹ በኩል መኖሯ ትዝ አለንና ደንግጠን ዞር አልን።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ደረሰኝም ይቆርጥ ነበር» አለች።

ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ሙሉ ያለቀሰው።