የስፔሰርና የዳዶው ነገር
ስለ ስፔሰር፣ ማለትም በጎማውና በሞዞው (ጎማው በሚታሰርበት የመሃል ክፍል) መካከል ስለሚገባው ብረት፣ ያነበብኩት ጽሑፍ ጎማዎቹን ወደ ውጭ ስለሚያሰፋ መኪናው ኩርባ ላይ ይረጋጋል ማለቱ ልክ ነው። የዘለለው ግን ዋናውን ነው፦ ዳዶው ብሎኑን ምን ያህል ይይዛል? ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ የፒክአፕ መኪናዬ መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወርጄ ስነካው ሁለት ዳዶ በጣቴ ዞረ! ጋራዡ በነባሩ ብሎን ላይ ወፍራም ዝርግ ብረት ብቻ ጨምሮ ኖሯል፤ ዳዶው የያዘው ሦስት አራት ጥርስ ነበር። ሊማሊሞን እየወረድኩ ቢሆን ኖሮስ? እባካችሁ፣ ስፔሰር የግድ ካስፈለጋችሁ የራሱ ብሎን ያለውንና መሃሉ ከሞዞው ጋር ልክ የሚገጥመውን ምረጡ፤ 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላም እንደገና አጥብቁት። የጎማው ኩሽኔታም (ቤሪንጉ) ጫናው ስለሚጨምርበት ቶሎ ያልቃል። ቤተሰብ ለምትጭኑ፣ ባታስገቡት እመርጣለሁ።