ሜንማን የፈጠራት ማን ነው?

የክርክሩ ሐሳብ፦ “አኖሃና” በተባለው የጃፓን የካርቱን ተከታታይ (አኒሜ) ውስጥ የምትታየው ሜንማ፣ የጂንታ አእምሮ የፈጠራት ጓደኛ ናት። አንዲት ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ተጻጽፈውበታል። መጨረሻውም ስለሚነገር ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት፤ 11 ክፍል ብቻ ነው።

ደጋፊ፦

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቺቺቡ በምትባል የጃፓን ሳይታማ ግዛት ከተማ ጂንታ የሚባል ልጅ አለ። ሃይስኩል ገብቶ ነበር፣ አሁን ግን አይሄድም። ቤት ተዘግቶ ጌም ይጫወታል። እናቱ ልጅ ሳለ በሕመም ሞታለች። ከዚያ አንድ የበጋ ቀን፣ ከዓመታት በፊት ወንዝ ውስጥ የሞተችው ጓደኛው ሜንማ ቤቱ ትመጣለች። ከእሱ በቀር የሚያያት የለም። እሱ ራሱ ምን አለ? ጭንቀትና ሙቀት ያመጡብኝ ቅዠት ናት አለ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ እኔ ምን ልጨምር?

አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ሜንማ የሞተችው ትንሽ ልጅ ሆና ነው። ስትመለስ ግን የጂንታ እኩያ ሆናለች። ማን አሳደጋት? መቃብር ሰው አያሳድግም። ያሳደጋት “አሁን ብትኖር ይሄን ታክል ነበር” እያለ ዓመት ሲቆጥር የኖረ አእምሮ ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል።

ለምን እሷ? በሞተችበት ቀን ጓደኞቹ ሜንማን ትወዳት እንደሆን ጠየቁት። አፈረና እሷ በቆመችበት አስቀያሚ ብሎ ሰድቧት ሮጠ። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብሎ ነበር። ነገ ሳይደርስ ግን ሞተች። ይቅርታ የሚቀበለው ሰው የሞተበት ልጅ፣ ተቀባይዋን ራሱ ቢሠራት ምን ይገርማል?

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ ባለቤቱ እኮ በኋላ ሐሳቡን ቀይሯል! ሜንማ በጓደኞቹ ፊት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋለች። እሷን ባያዩም ጽሑፉን አይተዋል። በመጨረሻው ክፍል ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ትታለች፤ ያኔ ጂንታን ጨምሮ አምስቱም ጓደኛሞች አይተዋታል። ቅዠት እስክሪብቶ አያነሳም።

ጂንታ እንዲፈጽምላት የጠየቀችው ምኞቷስ? የጂንታ እናት ልትሞት ስትል ሜንማ ቃል ገብታላታለች። እንባውን አፍኖ የያዘውን ልጇን ላስለቅሰው ብላ። ጂንታ ይህን አያውቅም። የማያውቀውን ነገር ከየት አምጥቶ አፏ ውስጥ አስገባው?

ደግሞ “ምናባዊ ጓደኛ” የሚባለውን ነገር እናጥራ። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርጆሪ ቴይለር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ጥናት፣ እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ድረስ ከልጆቹ 65 በመቶው እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ነበራቸው። የበሽታ ምልክት አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ልጆቹም ጨዋታ መሆኑን ያውቃሉ። ሜንማ ግን ጨዋታ አይደለችም። ጂንታን እየጎተተች ከቤት ታወጣዋለች፣ የማይፈልጋቸውን ሰዎች ደጅ ታቆመዋለች። የፈለገችውን እንጂ የፈለገውን አታደርግም።

ደጋፊ፦

ቴይለርን ካነሳህ ሐሳቧን ጨርሰው። የልጆቹ ምናባዊ ጓደኞች ብዙ ጊዜ እንቢተኞች እንደሆኑም ጽፋለች። ሲጠሯቸው አይመጡም፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያስቸግራሉ። ስለዚህ የሜንማ እልኸኝነት ለአንተ ምስክር አይሆንም።

ደብተሩን እቀበላለሁ። ደራሲዋ ማሪ ኦካዳ ሙት መንፈስ ልታደርጋት ፈለገች፣ አደረገቻት። መብቷ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሜንማ ለጂንታ ምን ትሠራለታለች? ኦካዳ ያደገችው እዚያው ቺቺቡ ነው። እሷም ለዓመታት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቤት የተቀመጠች ልጅ ነበረች፤ በአደባባይ ጽፋዋለች። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ምን ዓይነት ሰው በር እንዲያንኳኳለት እንደሚመኝ ታውቃለች። አባት አይደለም፣ አስተማሪም አይደለም። የማይፈርድ፣ ልጅነቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ሜንማ ቁርጥ ለዚህ ቦታ የተሰፋች ናት።

ተቃዋሚ፦

“የሚመኘው” እና “የፈጠረው” ይለያያሉ። አንቺ ሁለቱን አንድ አደረግሻቸው።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዴዊ ሪስ የተባለ የዌልስ ሐኪም የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሟቹን አይተዋል፣ ሰምተዋል ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። ብዙዎቹ ለማንም አልተናገሩም። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያማሞቶና ባልደረቦቹ ቶኪዮ ውስጥ ባሎቻቸው በመኪና አደጋ የሞቱባቸውን 20 ሴቶች አነጋግረው ነበር። 18ቱ ባላቸው አብሯቸው እንዳለ ይሰማቸው ነበር። በብዙ ቤት ለሟች መሠዊያ ባለበት አገር ይህ ብዙም አያስደነግጥም። እነዚህ ሴቶች ጓደኛ አልፈጠሩም። የነበረ ሰው ነው ያልሄደላቸው። ጂንታን ከእነሱ ጋር አስቀምጪው።

የፈጠረ ሰው ከፈለግሽ ከልጅነት ጓደኞቻቸው አንዱ ዩኪያትሱ አለልሽ። ጎበዝ ተማሪ፣ መልከ መልካም፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የሚማር፣ ጂንታን የሚንቅ። ማታ ማታ ግን ዊግ አድርጎ፣ የሜንማን ዓይነት ነጭ ቀሚስ ለብሶ ጫካ ውስጥ የሚሮጠው እሱ ነው። በሞተችበት ቀን ፍቅሩን ነግሯት አልሆነለትም ነበር። ሜንማ ከመጣች ለምን ለእኔ አልመጣችም ብሎ ይበግናል። ስላልመጣች ራሱ ሆናት። እኔ ተከታታዩ ውስጥ ከዚህ የሚያስጨንቅ ትዕይንት አላየሁም። የሚገርመው ደግሞ፣ ሰፈሩ የታመመ የሚለው ቤት የተቀመጠውን ጂንታን ነው። ዩኪያትሱን ማንም አይጠረጥረውም፤ ውጤቱ ጥሩ ነዋ!

ደጋፊ፦

ዩኪያትሱ ላይ አልከራከርህም። ሪስ ግን የእኔ ምስክር ነው። እኔ ጂንታ ታሟል አላልኩም። አእምሮው ፈጠራት አልኩ። ጤነኛ አእምሮም ይፈጥራል።

ተቃዋሚ፦

እሺ፣ ጤነኛ ሐዘን ሰው ይፈጥራል እንበል። የሜንማ እናትስ? ከእሷ በላይ ያዘነ የለም። እናንተ ስታድጉ የእኔ ልጅ ለምን ብቻዋን ቀረች ብላ ልጆቹን የምትጠላ ሴት ናት። ልጇ ግን አንድም ቀን አልታየቻትም። ሐዘን በቂ ቢሆን መጀመሪያ የምታየው እናት አልነበረችም?

ደጋፊ፦

እናትየው የተወሰደባት እንጂ የበደለችው ነገር የለም። ጂንታ ያልከፈለው ዕዳ አለበት። ሰው የሚጠራው ባለዕዳውን ሳይሆን አበዳሪውን ነው።

ተቃዋሚ፦

ዕዳ ከሆነማ ሌላው የልጅነት ጓደኛቸው ፖፖ አለ። ሜንማን ውኃ ሲወስዳት ያያት እሱ ነው። በድንጋጤ እግሩ ታስሮ ቆሞ አያት። ከስድብና ከዚህ የቱ ይከብዳል? ለምን ለፖፖ አልመጣችም?

ደጋፊ፦

ፖፖ የት እንደሚኖር አስታውስ። የቀን ሥራ እየሠራ፣ በተጠራቀመው ገንዘብ ውጭ አገር ይዞራል። ሲመለስ የሚያድረው ልጅ ሆነው ይጫወቱበት በነበረው የጫካ ጎጆ ነው፤ ሜንማ በሞተችበት አካባቢ። ሌሎቹ ከቦታው ሸሽተው አድገዋል። ጂንታ ሸሽቶ ቤቱ ስለተደበቀ እሷ መምጣት ነበረባት። ፖፖ ጋ ማን ይመጣል? እሱ ራሱ በየጊዜው ይመለስላታል።