ማስተካከያ፦ የመኪና ፖሊሽ ስፖንጅ አስተጣጠብ

ቀደም ሲል የፖሊሽ ስፖንጅ በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ። ሙቀት ስፖንጁን ከጀርባው ቬልክሮ (ማሽኑ ላይ የሚጣበቀው ጨርቅ) ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፤ የፖሊሽ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ተገንጥሎ ሊወረወር ይችላል።

ትክክለኛው፦ ሥራው እንዳለቀ፣ ኮምፓውንዱ (የመኪና ቀለም ጭረት የሚፋቅበት ቅባት) ሳይደርቅ፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውሃና በጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ፊቱን በአውራ ጣት እያሹ ማጠብ ነው። አትጠምዝዙት፤ በሁለት መዳፍ መሃል ጨምቁት። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል አለቅልቁ። ቬልክሮው ወደ ላይ ሆኖ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ታጥቦም ጣት የሚቆረቁር የደረቀ ቅንጣት ከቀረበት ቀለም ይጭራልና ጣሉት። ለሻካራ ኮምፓውንድ ያገለገለውን ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ለማጠናቀቂያ ፖሊሽ አትጠቀሙበት።